ጋሽ ሚሊሜትር ዋሸ አሉ

ጋሽ ሚሊሜትር አለቀሰ አሉ። ማልቀሱ ሳያንስ ዋሸ አሉ፤ ያውም በሥዕል። ይባስ ብሎ ልብስ ሰፊውን አባባን ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው አሉ። ወሬውን ካፌያችን ያደረሰችው ፋርማሲስቷ ናት። እሷ ከፀጉር አስተካካዩ ሰማች። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ፣ የሰው አናት እየላጨ፣ "በዓይኔ በብረቱ አየሁ" ይላል።

እኔ ግን ሦስቱንም አላመንኩም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ማልቀስ፣ መዋሸትና ይቅርታ መጠየቅ አያቅተውም፤ እኔ ራሴ ከምሳ በፊት ጨርሼው አውቃለሁ። ክቡር ጋሽ ሚሊሜትር ግን አያደርገውም።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። "እኛ ጋ የለም" ካላችሁ፣ እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ የግድግዳው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደኋላ መቅረቱን ሳይናገር የማይወጣ፤ የተጣመመ ምንጣፍ በእግሩ ጫፍ ሳያቃና ሰላም የማይል፤ "ምን አለበት፣ ያው ነው" ሲሉት እናቱን የሰደቡበት ያህል ደሙ የሚፈላ። የእኛው መነጽር ሠሪ ነው። የደንበኛውን የሁለት ዓይን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ "ስልሳ ሦስት" ብሎ አይተወውም። "ስልሳ ሦስት ተኩል። ሚሊሜትር ቀልድ አይደለም" ይላል። በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ ሁለት ዓመት ነው፤ "ጋሽ" ያልነው ለተኩሏ ክብር ነው።

ከሱቁ መጋረጃ ወዲህ መነጽር ሠሪ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አየር ኃይል ነው። እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ጨዋታ አለው፤ ድሮ በጦርነት ዘመን የበረሩትን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ የምታበርበት። ሌላው ሰው ሲዋጋበት ያመሻል። ጋሽ ሚሊሜትር አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። አውሮፕላኑን ያስነሳል፤ ከደመናው በላይ ያወጣዋል፤ ጊዜውን ቀጥ ያደርግና በዙሪያው እየዞረ ስክሪንሾት ያነሳል። ከዚያ ጨዋታውን ይዘጋዋል። "ባሌ ስምንት ዓመት ሙሉ በረረ፤ አንድ ቀን ግን አላረፈም" ትላለች ባለቤቱ።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ከአንዱ ፎቶ ክንፍ፣ ከሌላው ደመና፣ ከሌላው ባሕር፣ ከሌላው ጭስ እየቆረጠ ይገጣጥማል። አንድ ሥዕል ከአርባ ሦስት ቁራጭ ይወለዳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ከመግባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ "ፀሐይ የት ናት?"

ጥያቄዋን መጋረጃው ኋላ ትቷት ቢወጣ ኖሮ ሰላም በሆንን። ባለ ዳቦ ቤቱ ልጁን የዳረ ሰሞን አልበሙን ይዞ ካፌ መጣ። ሙሽራዋ ሐይቅ ዳር ቆማ የተነሳችው ትልቁ ፎቶ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ሁላችንም አደነቅን። ጋሽ ሚሊሜትር ተቀበለና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። "ፀሐይ የት ናት?" አለ። ሙሽራዋን ከቀኝ መታታለች፤ ሐይቁን ከግራ። ስለዚህ ይቺ ልጅ ሐይቁ ጋ ደርሳ አታውቅም። ወር ሙሉ "ሐይቁ ድረስ ሄደን እኮ" ሲለን የነበረው አባት አልበሙን ብብቱ ሥር ወትፎ ወጣ፤ ጋሽ ሚሊሜትርም ለሁለት ሳምንት ዳቦ የሚገዛው ሦስት ፌርማታ ተጉዞ ነበር።

የፕሮፔለሩ ጣጣማ ለብቻው ነው። ስክሪንሾት ሲነሳ ፕሮፔለሩ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቀራል። እኛ "እንዴት ያምራል" ስንል እሱ ያፍርልናል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሰውየው እየወደቀ እናንተ ታጨበጭባላችሁ ይለናል። የቆመውን ፕሮፔለር አጥፍቶ በቦታው እንደ ጉም የሳሳ ክብ እስኪያሽከረክር ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መነጽር ያዘዘ ሰው ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄዳታል። አንዲት አስተማሪ መነጽሯን ልትወስድ ብትመጣ፣ የሁለት መቶ ብሎኖችን ጥላ በየተራ አሳይቶ ሸኛት። መነጽሩ አልደረሰም፤ ብሎኖቹ ግን ደርሰዋል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ጉድ ደረሰበት። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ቆጥበው ኖሯል፤ በአንድ ጓድ በሚበሩት አሥራ ሁለት አውሮፕላኖች ውስጥ ሁሉ የተቀመጠው አብራሪ አንድ ሰው ነው። አሥራ ሁለት መንታ አንድ ላይ ዘመተ ልበል ወይ ብሎ እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ የባለቤቱን አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ቆራርጦ ቆብ ሰፍቶ፣ የዋና መነጽር ይዞ፣ ካፌ መጥቶ ለአብራሪነት ፊታችንን ፎቶ ሊያነሳ መለመለን። ፀጉር አስተካካዩ የጓዱ መሪ ሆነ። እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጦ አገጬን ወደ ግራ አዙሮ "ትንሽ ፍርሃት ጨምርበት" አለኝ። ጨመርኩ። አየኝና "ተወው፣ ያልጨመርክበት ይበቃ ነበር" አለ። ይኸው ዛሬ ከጓዱ መጨረሻ፣ ጭስ ውስጥ፣ የምስር ፍሬ በምታክል ፊት እበራለሁ። እናቴ በማጉያ መነጽር ፈልጋ አግኝታኝ "ከስተሃል" አለችኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዋሸ የተባለው።

ልብስ ሰፊው አባባ ሱቃቸው ከመነጽር ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሰማንያን ተሻግረዋል። ከስፌት መኪናቸው በላይ አንዲት ያረጀች ፎቶ አለች፤ አንድ ወጣት የአውሮፕላን ክንፍ ተደግፎ ቆሟል። "ታላቅ ወንድሜ ነው። አብራሪ ነበር" ይላሉ፣ ወገብ እየለኩ። ወንድምየው ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። እሳቸው ያኔ ጥርሳቸውን ገና ያልነቀሉ ልጅ ነበሩ።

አንድ ጠዋት መነጽር ሊቀይሩ ወደ ጎረቤታቸው ገቡ። ጋሽ ሚሊሜትር ያለውን ሌንስ ሁሉ እየቀያየረ ሞከረላቸው፤ አንዱም አልሠራም። ሐኪሙም ነግሯቸው ኖሯል፤ የቀኙ ዓይን አብቅቶለታል፣ የግራው ዓመቱን ከዘለቀ ነው። የሌንሱ ሳጥን ሲዘጋ አባባ ከወንበሩ አልተነሱም።

"መነጽሩስ ይቅር፣ ልጄ። ብርሃኔ ሳይጠፋ ወንድሜን አንዴ አየር ላይ አሳየኝ። አንተ ታውቅበታለህ።"

ጋሽ ሚሊሜትር ፎቶዋን ተቀብሎ መጋረጃው ኋላ ገባ። በሳምንቱ ካፌ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፊቱ የሞተ ሰው ፊት ይመስላል።

"መካኒክ ነው" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ማን?"

"ወንድማቸው። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው መፍቻ ነው። እጁ ላይ ያለው ጓንት መስሎኝ ነበር፤ የዘይት ጨርቅ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። ይህ ልጅ በርሮ አያውቅም።"

ማን ጠየቀህ፣ አስገባውና አብርረው አልኩት። የሰማንያ ዓመት ሰው ኩራት በአንድ መፍቻ አይፈታም አልኩት። የራሴ አባባል ደስ ስላለኝ ደገምኩት። እሱ ግን ሥዕል ውስጥ ዋሽቶ እንደማያውቅ፣ አሁንም እንደማይጀምር ነገረኝ።

"ዓይናቸው ሊጠፋ ነው እኮ" አልኩት።

"ለዚያ ነዋ። መጨረሻ የሚያዩት ነገር ስህተት ይሁን?"

ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። እኔም ድንጋይ ነህ ብዬ ከኋላው ተናገርኩ፤ ሰምቷል።

ለሦስት ሳምንት ካፌ አልመጣም። ባለቤቱ እንደነገረችን ከሆነ ራት ሲጠሩት "ፀሐይ እስክትወጣ" እያለ ነበር፤ ፀሐይዋ በሥዕሉ ውስጥ ያለችው መሆኗን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀባት። አንድ ቀን ደግሞ አባባን ጠርቶ ጆሯቸውን በማስመሪያ ለካ፤ ከግራ ከቀኝም ፎቶ አነሳው። ለመነጽር ክንድ ነው አላቸው። መነጽር እንደማይሠራላቸው የነገራቸው ራሱ ነው። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው፤ በፎቶዋ ላይ የወንድምየው ጆሮ በጥላ ተሸፍኗል፣ እሱ ደግሞ ከማንም ጆሮ አምጥቶ አይቀጥልም።

ሥዕሉ የደረሰ ዕለት እኔ አባባ ሱቅ ውስጥ፣ በግማሽ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ሱሪ ለብሼ ቆሜያለሁ። ጋሽ ሚሊሜትር ጥቅል ወረቀት ይዞ ገባ። ሰላም ሳይለን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው፤ ጫፎቹን በመቀስና በካውያ አስያዛቸው።

ንጋት ነው። ሜዳው ሣር ነው፤ ሣሩ ከፕሮፔለሩ ነፋስ ወደኋላ ተኝቷል። ፕሮፔለሩ ራሱ የለም፤ ያለው የሳሳ ክብ ብቻ ነው። የአብራሪው ቦታ ላይ ቆብ ያላደረገ ልጅ ተቀምጧል፤ ደረት ኪሱ ውስጥ መፍቻው አለ።

አባባ ማጉያቸውን ይዘው አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሱ። ከጭራው ጀምረው እንደ ስፌት መስመር ቀስ እያሉ መጡ። የመርፌ ቁልፍ ጭኔን ሲወጋኝ እንኳ አልተነፈስኩም።

"ጆሮው" አሉ። "የእኛ ቤት ጆሮ።"

ማጉያቸውን ዝቅ አደረጉና "ኪሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አሉ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"መፍቻ ነው፣ አባባ" አለ ጋሽ ሚሊሜትር።

አባባ ማጉያቸውን መፍቻው ላይ አቆሙት። ከዚያ ሳቁ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው። "ቤት እያለም እንዲሁ ነበር። ይቺን የስፌት መኪና ለእናቴ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጥሞባታል። አሁንም ስትሄድ የሚንኳኳው እሱ የረሳው ብሎን ነው።" ሳቃቸው አለቀና እንደገና ወደ ሥዕሉ አጎነበሱ።

"ሊነሳ ነው፣ አይደል?" አሉ።

ጋሽ ሚሊሜትር በሕይወቱ ሳይመልስ ያለፈው ጥያቄ የለም፤ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል። ያን ጊዜ ግን አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ጠርጎ ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ አባባ ጆሮ ላይ አንድ ነገር አለና ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ ያየው ይህን ነው። ልጁ መካኒክ እንደነበርማ ሰፈሩ የሰማው ከእኔ ነው።

በማግስቱ ሱሪዬን ልወስድ ስሄድ ሥዕሉ ተሰቅሏል። ከአባባ ማጉያቸውን ተዋስኩ። መሬት የረገጠ ነገር ጥላው ከእግሩ ሥር ይጀምራል፤ በእግሩና በጥላው መሃል ብርሃን ከገባ ግን ነገርየው አየር ላይ ነው። ይህን ለእኛ ለመሃይሞቹ ያስተማረን ራሱ ጋሽ ሚሊሜትር ነው። የፊት ጎማውን አየሁት። ከሣሩ ኋላ፣ በጎማውና በጥላው መሃል፣ አንዲት ክር የምታክል ብርሃን ገብታለች። ለአንድ ብሎን ጥላ ሌሊቱን ሲለፋ የሚያድር ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። ድንጋይ ያልኩትን አስታወስኩና ሱሪዬን ሳልለካው ይዤ ወጣሁ፤ አጥሮ መሰፋቱን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው።

በቀጥታ መጋረጃው ኋላ ገባሁበት። ስክሪኑ ላይ ደመና እየቆረጠ ነበር። የሚወራውን ሁሉ ከነፀጉር አስተካካዩ ነገርኩት። ዞር ብሎም አላየኝ።

"አላለቀስኩም። መነጽሬ ላይ የጨርቅ ብናኝ ነበር። ይቅርታም አልጠየቅኩም፤ ሊሰቅሉበት ያሰቡት ሚስማር ወደ ግራ መዝመሙን ነው የነገርኳቸው። መካኒክ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እዚያው የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞተር ያሞቃል፤ ልጁም የተቀመጠው ለዚያ ነው። የዋሸሁት የለም። ጎማው መሬት ላይ ነው።"

"በጎማውና በጥላው መሃል ግን ግማሽ ሚሊሜትር..."

"መሬት ላይ ነው" አለኝ።