ኦቶና ላይ ያየሁት የባሕር ትል

እኛ ትልን የምናውቀው በጎመን፣ በሆድና በመቃብር ነው። የጎመኑን እንለቅማለን፣ ለሆዱ ኮሶ እንጠጣለን፣ የመቃብሩን ደግሞ ባናነሣው ይሻላል። ሰው መናቅ ስንፈልግም «ይህ ትል!» እንላለን። እኔም ስል ኖሬአለሁ፤ አትፍረዱብኝ።

በዚያን ዘመን ሶዶ ላይ የካህናት ካባ እየጠለፍኩ ነበር የምኖረው። አንድ ክረምት ዓይኔን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋኝ፤ ቆይቶ መርፌው ራሱ። ዓይን የሌለው ጠላፊ ደግሞ ምን ሊሆን ነው? ባለቤቴ አበበች እጄን ይዛ ኦቶና ካለው የፈረንጆች ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ሐኪሙ ሞራውን አንሥቶ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈነው። አጠገቤ እግሩን የቆሰለ አንጁሎ የሚባል ገበሬ ተኝቶ ስለነበር፣ በወሬው ቀኑን ገፋሁት።

ጨርቁ የተፈታ ዕለት የሐኪሙ ሚስት ወፍራም መነጽር አጠለቀችልኝና የሥዕል መጽሐፍ ፊቴ ዘረጋች።

«ምን ይታይዎታል?»

ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አልኩ። ቀለም ብቻ ነበር፤ ቀስ እያለ ግን መልክ ያዘ።

«አበባ» አልኩ። «ቀይና ነጭ።»

ገጹን ገለጠች። «ይሄስ?»

«የወፍ ላባ።»

«ይሄስ?»

«ዳር ዳሩ በወርቅና በአረንጓዴ ሐር የተዘመዘመ… የጳጳስ ካባ ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ሁሉም ትል ናቸው። የባሕር ትል።»

አንጁሎ እግሩን ረስቶ ብድግ አለ። «ትል? ስኳር ድንቻችንን የምትበላው ትል?»

«የባሕሮቹ ሌሎች ናቸው። ያ የሚያብረቀርቀው ጸጉራቸው ነው። አንዳንዱ በጨለማ ያበራል፤ አንዳንዱ ከአሸዋ ቤት ይሠራል። ዓይነታቸው ብዙ ነው።»

«ታዲያ እዚያ ውኃ ውስጥ ማን ሊያየው ነው እንዲህ የለበሰ?» አለ አንጁሎ።

እኔ እንደሆን አለቅስ ነበር። ዕድሜ ልኬን ክር ከክር ሳማርጥ እንዲህ ያለ ጥልፍ አይቼ አላውቅም። ራስጌዬ ቆማ የነበረችው አበበች የሐኪሙን ሚስት እጅ ይዛ ደጋግማ ሳመች።

ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ በጠለፍኩት ካባ ጠርዝ ላይ ያንኑ ወርቅና አረንጓዴ አስገባሁ። የደብሩ አለቃ ጠርዙን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህስ የገነት አበባ ነው?» አሉኝ።

«የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

መቼም አልዋሸሁም።