በሞቴ ጉረስ

ሰው ሲወፍር ደስ የሚላቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኛ ሰቆጣ ሞልተናል። አይፈረድብንም፤ ድርቅ ያየ ሰው ቦርጭ ሲያይ የሞላ ጎተራ ነው የሚታየው።

ጎረቤታችን አያ ካሳዬ ከደሃና ወረዳ መጥተው ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ደንበኛ ይቀበል ጀመር። ሰላምታችንም «አማረብዎት!» ሆነ። እሳቸውም ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው «ተመስገን» ይላሉ።

አንድ ቀን ደረታቸውን ወጋቸውና ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ስኳርም ግፊትም እንዳለባቸው፣ የልባቸው ደም ሥርም በስብ እንደጠበበ ነግሮ ክብደት እንዲቀንሱ አዘዛቸው። አያ ካሳዬ ታዘዙ። ቅቤና ጮማ ተዉ፣ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ሄዱ፣ ቀበቷቸው ላላ።

ሰፈሩ ተሸበረ! ሰው ሳይታመም ይከሳል እንዴ? ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ምን ነካዎት፣ አያ ካሳዬ? አልቀዋል እኮ! በሞቴ ይጉረሱ።»

«ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

«ሐኪሙ ምን ያውቃል? በሞቴ አልኩ!»

በሞቴ የተባለበት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ጎረሱ። በማግስቱ ሌላ ጎረቤት መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ቀበቷቸው ዳግም ጠበበ፤ ሰፈሩም እፎይ አለ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሱቃቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ።

ለቅሶው ላይ ከወይዘሮ ወርቄ በላይ ያለቀሰ የለም፤ ከልባቸው ይወዷቸው ነበር። ከባሕር ዳር የደረሰው የሟች ልጅ፣ ሸሚዙ ሆዱ ላይ ተወጥሮ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ አዩት። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ተመስገን፣ እሱስ አባቱን ተክቷል» አሉና እንጀራ ጠቀለሉ። «ና ልጄ፣ በሞቴ ጉረስ።»

ልጁ እያለቀሰ አፉን ከፈተ።