የበረራ ጉዳዮች ዋና ኃላፊ

በየዘመድ አዝማዱ መሐል አንድ ዐቃጅ አይጠፋም። ይህ ሰው ነገ ምሳውን ምን እንደሚበላ አያውቅም፤ የእህቱ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ የትኛው ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ግን አብጠርጥሮ ያውቃል። አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ከተቀመጣችሁ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ልጆቻችሁን በሙሉ ሐኪም አድርጎላችሁ ነው የሚለያችሁ። እንዲህ ያለ ዘመድ የለኝም የሚል ሰው ካለ፣ ምናልባት ዐቃጁ ራሱ ነው።

የአንዲት ልጅ አጎት፣ ክቡር የበረራ ጉዳዮች ዋና ኃላፊ፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም። ልጅቱ ትንሽ ሳለች ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በላይ የሚያልፍ አውሮፕላን አንጋጣ እያየች፣ እኔም እነዳዋለሁ አለች። ሌላ አጎት ቢሆን ፀጉሯን ዳበስ አድርጎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን መቀሳቸውን አስቀምጠው፣ "መቼ?" ሲሉ ጠየቋት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኑሮዋ በዕቅድ ሆነ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ለድርድር የማይቀርቡ ሆኑ። የቤት ሥራዋን የምትሠራው በመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ነበር፤ ኃላፊው ከፊዚክስ አንዲት ነገር ባይገባቸውም ካውያቸውን እየገፉ ድምፅ አውጥታ እንድታነብላቸው ያዟታል። በደብዛዛ መብራት ማንበብ ክልክል ነው፤ ዓይን ይመረመራል። ጠጣር ነገር በጥርስ መስበርም ክልክል ነው፤ ጥርስ ይመረመር አይመረመር ባያውቁም አይታወቅም ይላሉ። አንድ ቀን የሰፈር ልጆች ብስክሌት ሲያለማምዷት ደርሰው፣ እጇ ቢሰበር አውሮፕላኑን ማን ሊያሳርፈው ነው ብለው ብስክሌቱን ለባለቤቱ አስመለሱ። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ነገሩ አልገባውም።

ይህን ሁሉ እውቀት ያገኙት ከአንድ ሱሪ ነው። አንድ እውነተኛ አብራሪ በመንገዱ ላይ ሱቁን አይቶ ሱሪ ሊያሳጥር ገባ። የሱሪ እግር ቆርጦ መስፋት የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ኃላፊው ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሰውዬውን በቀጠሮ አመላለሱት። ዛሬ ክሩ አልተገኘም፤ በሚቀጥለው መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ቁልፉን ላጥብቅልህ ብለው አስቀሩት። በየምልልሱ አንድ ነገር ይጠይቁታል። መጀመሪያ ምን ይማራሉ? ሐኪሙ ምን ምን ያያል? ከአስተማሪ ጋር ስንት ጊዜ በርረው ነው ብቻቸውን የሚለቋቸው? አብራሪው ደግ ሰው ነበርና ሁሉንም መለሰ፤ በመጨረሻ ሱሪውን ሲቀበል ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኖ አገኘው። ሊወጣ ሲል ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ። የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ ከዚህ ቁመት በታች ያለውን አይቀበልም ብሎ ቁጥሩን ነገራቸው።

ልብስ ሰፊ ቁጥር ከሰማ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል። ልጅቱን የበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ለኳት፤ ገና ልጅ ነበረችና ታድጋለች ተባለ። ዓመታት አለፉ፣ ቁመቷ አደገ፣ ከዚያ ቆመ። ከተባለው አንዲት ጣት አንሳ ቆመች።

ኃላፊው ይህን አፍ አውጥተው አልነገሯትም። ብቻ የኮት መስቀያው ብረት ላይ እንድትንጠለጠል፣ ወተት እንድትጠጣ፣ ስትተኛ እንዳትጠቀለል ሆነ። እናቷ፣ ልጄን እንደ ጨርቅ ልትስባት ነው ወይ ብላ ወንድሟን ተቆጣች። ልጅቱ ግን ታውቅ ነበር። የትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና አልፋ ለሕክምና ምርመራ የተጠራች ዕለት ሆድ ብሷት፣ "ጋሼ፣ ባልደርስስ?" አለቻቸው።

"ትደርሻለሽ" አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ጠዋት ካልሲዎቿን ሲሰጧት ተረከዙ ላይ የኮት ትከሻ የሚሞላበት ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ስፌቱ እንዲህ ነው አይባልም፤ ማንም አያገኘውም። ልጅቱ አጥልቃው ወጣች፤ የክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ግን እግሯ አልሄድ አላት። በውሸት ቆማ የገባችበት ቦታ ዕድሜዋን ሙሉ ሊጎረብጣት ነው። መጸዳጃ ቤት ገብታ ካልሲውን አወለቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በባዶ እግሯ መለኪያው ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች።

ነርሷ ቁጥሩን ጽፋ "ቀጣይ" አለች። ልጅቱ ንቅንቅ አላለችም፤ እባክሽ ድገሚው አለቻት። ነርሷም ያለፈ ሰው ድገሙኝ ሲል ገና ዛሬ መስማቷ መሆኑን ነግራት ደገመችው። አልፋ ተርፏታል።

ኃላፊው ሱቁን ዘግተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማለፏን ስትነግራቸው ስፖንጁን አመሰገኑ። ካልሲውን ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳያቸው ግን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እየጎተቱ ወደ በሩ መቃን ወስደው ለኳት፤ ያው አንዲት ጣት ትጎድላለች። ተሳስተዋል፣ ይጠሩሻል፣ እያሉ ይንጎራደዱ ጀመር። ልጅቱ ሮጣ ከጎረቤት አናጺው የብረት ሜትር ተውሳ መጣችና ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የጨርቁ ሜትር ከዕድሜ ብዛት ተለጥጦ፣ ቁጥሩ ከብረቱ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ኃላፊው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እንዴት ሳያውቁ ኖሩ ቢባል፣ ሰውየውንም ጨርቁንም የሚለኩት በዚያው በአንዱ ሜትር ነውና ልብሱ ልክክ ይላል። ልካቸውን በስልክ የሚነግሯቸው ደንበኞች ብቻ ነበሩ ሰፋን ብለው የሚመጡት፤ እነሱንም፣ እርስዎ ከስተው ነው፣ ብለው ይመልሷቸው ነበር።

"ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ አንጠለጠልኩሽ" አሉ በመጨረሻ።

እኚህ ሰው ባይኖሩ አንጋጣ ማየቷ የልጅ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ልጅቱ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ፣ "ሰው አሳፍሬ መብረር የቻልኩ ቀን መጀመሪያ የማሳፍረው እርስዎን ነው" አለቻቸው።

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። የኃላፊው ግንባር ላይ ግን ላብ ቸፈፍ አለ። ያን ጊዜ ነው እናቷ ብቻ የምታውቀውን ምስጢር የነገሯት። የበረራ ጉዳዮች ዋና ኃላፊ ከፍታ ይፈራሉ። የሱቁን አምፖል እንኳ የሚቀይርላቸው አናጺው ነው።

"እዚሁ መሬት ላይ ቆሜ እጄን ባውለበልብልሽ አይበቃም?" አሏት።

"አይበቃም፣ ጋሼ።"

ኃላፊው እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙና፣ "እንግዲያው መስኮት አጠገብ እንዳታስቀምጪኝ" አሏት።