ኋላ የቀረ ሁለት ጊዜ ይጥላል

ከዚህ በታች የማወጋችሁን ነገር በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ። ትዝታ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ የጠበበንን ያሰፋል፣ የረዘመብንን ያሳጥራል፣ ስንለብሰው ልካችን ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላውን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የምጽፍ ሰው ነኝና።

በመጻፌ ነው ነገሩም የመጣው። ደብረ ታቦር በመምህርነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በእጅ ጽሕፈቴ ነው። ሰልፍ በመጣ ቁጥር በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም የሚጻፈውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ማበረታታት ትልቁ ሥራችን ነበር፤ ገበሬውን እናበረታታለን፣ ወዛደሩን እናበረታታለን፣ ተራው ሲደርስ ሴቶችንም እናበረታታለን። «የሴቶችን ተሳትፎ እናበረታታለን» የሚለውን ጨርቅ ፊደሎቹን በማስመሪያ ለክቼ፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ጣት ትቼ ነው የጻፍኩት። ስንት ሴት እንዳበረታታ ግን የለካ የለም።

ከጨርቁ በፊት የነበረ ሌላ አባባል ደግሞ አለን፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል። ይህንን ማንም በጨርቅ ላይ ጽፎ አይሰቅለውም። መሰቀል አላስፈለገውም።

ፋንታሁን የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበረን። ሁለት ዓመት ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ አንድ ወፍራም ካፖርትና አንዲት የሲጋራ ፓኮ የምታክል መጫወቻ ይዞ መጣ። ካፖርቱ ለደብረ ታቦር ብርድ ልክ ነበር፤ ርዝመቱ ብቻ ነው የበዛው። መጫወቻዋ መስታወቷ ላይ ቅርጫት የያዘ ጥቁር ምስል አላት፤ ከግራና ከቀኝ ነገር ይወድቃል፣ ቁልፍ ስትጫኑ ምስሉ ዞሮ ይቀልባል፣ ሦስቴ ካመለጠው ጨዋታው አለቀ። እኛ መምህራኑ በእረፍት ሰዓት ተራ ይዘን ተጫወትን። ርዕሰ መምህሩም ቢሆኑ ከባድ ሰነድ እንደሚመረምር ሰው ፊታቸውን አኮሳትረው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አጠፉባት። ሁላችንም የምንጠያየቀው ስንት እንዳገኘን ነበር።

ሌላ ነገር የጠየቀች አንዲት ተማሪ ብቻ ናት። ዘሐራ ትባላለች፤ ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፉት የጋሽ ሰዒድ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ያሳጠሩትን የፋንታሁንን ካፖርት ልታደርስ መምህራን ክፍል ገባች። ፋንታሁን በምስጋና መልክ መጫወቻዋን ሰጣት። ሁለት ጊዜ ተጫወተችና መለሰችለት።

«ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» አለችው።

«ሕግ ነው» አላት። «ሰው ቁጭ ብሎ ያወጣው ሕግ። መቼ ይውደቅ፣ መቼ ይፍጠን፣ ስንት ሲያመልጥ ይብቃ የሚል። ማሽኑ ያንን ነው የሚፈጽመው።»

«እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት ሥራ ነው? ደመወዝ አለው?»

«አለው እንጂ።»

«ሴትም ትሠራዋለች?»

ፋንታሁን እንደ እኔ ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም፤ አሰበ። «እኔ በገባሁበት ክፍል ሴቶች ነበሩ» አላት። እሷም ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች። ያን ዓመት እኛ ትምህርት ቤት የተበረታታች ሴት ብትኖር እሷ ናት። ጨርቅ አልተሰቀለም፣ ጭብጨባም አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ የመጫወቻዋ ባትሪ አለቀ። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ ናት፤ ደብረ ታቦር ቀርቶ ጎንደርም ተፈልጋ አልተገኘች። ለእኛ ጨዋታው በዚያው አበቃ፤ ለዘሐራ ግን ያን ጊዜ ጀመረ። ባትሪ ያልቃል፣ ሕግ ግን አያልቅም ብላ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ሹም ነኝ ያለ ሁሉ ካኪ ያሰፋ ስለነበር የጋሽ ሰዒድ ወለል በካኪ ቁርጥራጭ የተሞላ ነው። ያንን ገጣጥማ በአባቷ የስፌት መኪና ስልሳ አራት ቤት ያለው መንገድ ሰፋችበት፤ ከገሳይ ከተማ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ ጉና ተራራ ራስ ላይ የሚደርስ። ተጫዋቾቹ ቁልፎች ናቸው፣ ለእያንዳንዱ በየቀለሙ። የሚጣለው አንድ ፊታቸው በእሳት የጠቆረ አራት የበቆሎ ፍሬ ነው፤ ጥቁሩን ያሳየው ይቆጠራል። ጭጋግ ያለበት ቤት የገባ አንድ ተራ ይቆማል፤ ውርጭ ያገኘው አምስት ቤት ይወርዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕጉ ዘጠኝ ነው። ሰባተኛው «ኋላ የቀረ ሁለት ጊዜ ይጥላል» ይላል።

እኔና ፋንታሁን ሞከርነው። ጨዋታውን ሙሉ ስመራ ቆይቼ ጫፉ ላይ ስደርስ ፋንታሁን ሁለት ሁለት ጊዜ እየጣለ ደርሶብኝ በሁለት ቤት ቀደመኝ። ደወል ተደውሎ አልነሣም አለ፤ «አንዴ እንድገም» እያለ ለመነኝ። እኔ ክፍል አለኝ ብዬ ተነሣሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

በዚያው ሰሞን የአውራጃው የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። አንደኛ የወጣ ተማሪ ለቴክኒክ ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያገኛል ተባለ፤ ፋንታሁን ደግሞ እዚያ ኤሌክትሮኒክስ እንደሚሰጥ ለዘሐራ ነግሯት ነበር። ጋሽ ሰዒድን ለማነጋገር ሁለታችን ሄድን። በር ላይ በብርሃኑ በኩል ተቀምጠው መርፌውን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ አገኘናቸው።

«ዓይኔ ከድቶኛል» አሉን። «ክሩን የምታስገባልኝ እሷ ናት። ከተመረጠች ግን ትሂድ፣ አላህ ያውቃል፣ እኔ እንደምንም እሆናለሁ። ካልተመረጠች ክረምቱን አልጠብቅም፣ መኪናው ላይ ትቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱ መምህር፣ ጽሕፈትዎ ያምራል ይላሉ። ያግዟት።»

አገዝኳት።

የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ሕጉ በንጹሕ ወረቀት ተጽፎ እንዲቀርብ አዝዞ ነበር። ዘሐራ በልብስ ቅድ ወረቀት ጀርባ በእርሳስ የጻፈችውን አምጥታ ሰጠችኝ። ቤቴ ወስጄ፣ መስመር አስምሬ፣ ከአንድ እስከ ስድስት እንዳለ ገለበጥኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ኋላ የቀረ ለምን ሁለት ጊዜ ይጥላል? የቀደመው በደከመ ምን አጠፋ? ሒሳብ ላስተምር የተቀጠርኩ ሰው፣ እኩልነትን በቀይ ጨርቅ ላይ በየበዓሉ የምጽፍ ሰው፣ እኩል ያልሆነ ነገር በእጄ ጽፌ ላስተላልፍ? ልጅቷ የተሳሳተች መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር የፋንታሁን ሁለት ቤትም ትዝ አለኝ። «ሁሉም በእኩልነት በየተራው አንድ አንድ ጊዜ ይጥላል» ብዬ ጻፍኩ። አጻጻፉ በጣም አማረኝ።

ለዘሐራ አልነገርኳትም። ክፋት አልነበረኝም፤ የተማሪ ሥራ ታርሞ ሲመለስ ተማሪው ራሱ ያየዋል፣ እንዲያ ነው የለመድኩት። ወረቀቱ ግን አልተመለሰም። ከእኔ እጅ በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ሄደ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። በአንድ በኩል ከሳጥን እንጨት የተሠራ ቀይ ቀለም የተቀባ ትራክተር ቆሟል፤ በሌላው በኩል የዘሐራ ካኪ ጨርቅ ተዘርግቷል። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። የኮሚቴው ሊቀመንበርና ከሴቶች ማኅበር የመጡት ወይዘሮ ሊጫወቱ ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ጸሐፊው ነው፤ ቆሞ ይመዘግባል። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሦስት እያከታተሉ ጣሉና ሃያ ቤት ያህል ቀደሙ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። እሳቸው አንድ ይጥላሉ፣ ወይዘሮዋ አንድ ይጥላሉ፣ ሃያው ቤት እንደ ሃያ ይሄዳል።

«ማሸነፍዎ ካልቀረ እኔ ምን ያስጥለኛል?» አሉ ወይዘሮዋ እየሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ።

ጨርቁ አጠገብ የቆመችው ዘሐራ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኋላ የቀረው ሁለት ጊዜ ነው የሚጥለው» አለች።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነሡ። «እዚህ እንዲያ አይልም። ሁሉም በእኩልነት በየተራው ነው የሚለው። ደግሞ ጥሩ ሕግ ነው።»

«እኔ እንዲያ ብዬ አልጻፍኩም።»

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ዘወር ብለው ፈለጉኝ። «ጓድ መምህር፣ ይህ ጽሕፈት ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ።

እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ይህ ነው። እኔ እንደማስታውሰው ከዚህ ሌላ ምንም አልተጠየቅኩም። የተጠየቅኩት ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ነው፤ የመለስኩትም እውነቱን ነው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፈው «እንግዲያው እንደ ተጻፈው ነው» አሉ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ለኮሚቴ የቀረበ ሰነድ ለወጥኩ ብሎ በሰው ፊት መናገር በዚያ ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ቢሆንም ሊቀመንበሩ አንዲት ጥያቄ ጨምረው ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር። ለራሴ እንዲያ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ዘሐራ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ ልብስ ለመለካት የሚበቃ ያህል። ከዚያ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ለይታ ሰበሰበች፣ ጨርቁን አራት አጥፋ ከደረቷ አስጠጋችው። «ይህ ዕድል ብቻ ነው፣ ፈጠራ የለበትም» ተብሎ ተወሰነ። ትራክተሩ አንደኛ ወጣ። ትራክተሩ አይሄድም።

በሳምንቱ ዘሐራ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሰዒድ ቃላቸውን ጠበቁ፤ በእሳቸው የሚፈረድ ነገር የለም። አንድ ወር ያህል በሌላ መንገድ ስሄድ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ማሳጠር የማያስፈልገው ሱሪ ይዤ ገባሁ። ልትለካኝ ስታጎነብስ «ዘሐራ፣ ያቺ ሰባተኛዋ ሕግ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ርዝመቱ እዚህ ላይ ይበቃል?» አለችኝ።

«ይበቃል» አልኩ። ሱሪው አጠረብኝ፤ አሁንም እለብሰዋለሁ።

ልክ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ግን አላስተኛ አለኝ። ስልሳ አራት ቤት በወረቀት ላይ አስምሬ፣ አራት የበቆሎ ፍሬ አክስዬ፣ ለብቻዬ በሁለት ወገን ተጫወትኩ፤ በእኔ ሕግ ሃያ ጊዜ፣ በእሷ ሕግ ሃያ ጊዜ። በእኔ ሕግ ቀድሞ የወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ገባ። በእሷ ሕግ ማን እንደሚያሸንፍ እስከ መጨረሻዎቹ ቤቶች ድረስ አላውቅም ነበር። ኋላ የቀረው ሁለት ጊዜ ሲጥል ፊተኛው ከገሳይ እስከ ጉና እንቅልፍ አይወስደውም። ልጅቷ ይህን ያወቀችው ያለ ሠንጠረዥ ነው።

በሌላ ዓመት ለመሠረተ ትምህርት ሥራ ገሳይ ሄጄ መኪና ስጠብቅ፣ ሁለት ነጋዴ ሴቶች መሬት ላይ መንገድ ጭረው በበቆሎ ፍሬ ሲጫወቱ አየሁ። አንደኛዋ ለመነሣት ስትል ሌላዋ ቀሚሷን ይዛ «የት ልትሄጂ፣ ኋላ የቀረ ሁለቴ ነው፣ ገና እደርስብሻለሁ» አለቻት። ይህን ጨዋታ ማን አወጣው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማን ያወጣዋል» አሉኝ። «ጨዋታ ነዋ፤ ጥንትም ያለ ነው።»

መታረም የነበረበትን ስሕተት ያን ጊዜ አገኘሁ። አላረምኩም።

ፋንታሁን እንዲያ ያሉ ማሽኖች አንድ ቀን እኛም አገር ይበዛሉ ይላል። ከበዙ ሕጋቸውን የሚያወጣ ሰው ይፈለጋል። እና ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ሴት ተማሪ ያላችሁ፣ ልጅቱ ቁጭ ብላ የጨዋታ ሕግ ስታወጣ ካያችኋት መጀመሪያ ተጫወቱላት። ደግሞም ተሸነፉላት። የእጅ ጽሕፈቷ ባያምርም ራሷ ትጻፈው።

ወጌ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የድሮ ፋይሎችን እንዳስተካክል አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተላክሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የዚያ ኤግዚቢሽን ቃለ ጉባኤ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ ሕጉ ተለውጦብኛል በማለቷ መምህሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠይቀው፣ ከተማሪዋ ረቂቅ ምንም ሳይለወጥ የተገለበጠ መሆኑን አረጋግጠዋል።» ከሥሩ ፊርማ አለ። አጠገቤ ካለ እኔ ከፈረምኩበት ሌላ ወረቀት ጋር አስተያየሁት። የኔ ነው።