አምስት መቶ የሥራ ዕድልና አንድ ቦይ

በዓለም ላይ ዘላለማዊ እጩ የሌለው ሠፈር የለም። የሌለው ካለ፣ ሰው ገና አልገባበትም ማለት ነው።

የዚህኛው ሠፈር ክቡር እጩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ለአካባቢው ምክር ቤት አራት ጊዜ ተወዳድረው አራቴ ወድቀዋል። አምስተኛውንም ቅስቀሳ የጀመሩት እንደ ልማዳቸው ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው፤ አንደኛ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፣ ሁለተኛ ወንበር አላት።

ልብስ ሰፊዋ ግን ዘንድሮ ሳቅም አላማራትም። ቧንቧ እንቀብራለን ያሉ ሰዎች በሯ ላይ ቦይ ቆፍረው፣ ቧንቧውን ልናመጣ ብለው እንደሄዱ በዚያው ቀልጠው ቀርተዋል። ይኸው አራት ወር ሆነ። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ናቸው። ከማዶ ቆመው ቦዩን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ ከዚያ "በኋላ እመለሳለሁ፣ እሺ?" ብለው እብስ ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ቁልፍ የምትሰፋላትን የአክስቷን ልጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ በወሩ መጨረሻ ልታሰናብታት ነው። እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት ግን እስካሁን አላወቀችም።

ክቡር እጩ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦዩን ዘለሉና ገቡ።

"ልጄ፣ ለአምስት መቶ ሰው የሥራ ዕድል እፈጥራለሁ!"

"ሥራውን ነው ዕድሉን፣ ቲቸር?"

"ድሮም ጥያቄ ታበዢ ነበር" አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ ሰውዬው መዋሸት አይሆንላቸውም፣ "ዕድሉን። ሥራው ሂደት አለው" አሉ።

ቀጥለው በእጃቸው የሣሉትን ካርታ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉት። ሠፈሩ በሙሉ በቀጠና ተከፋፍሏል። ፀጉር አስተካካዩ "የአገልግሎት ዘርፍ ቀጠና" ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ በሁለት የስፌት መኪና፣ ያውም አንዱ ተበላሽቶ፣ "የከባድ ኢንዱስትሪ ቀጠና" ተብላለች።

"ይሄ ሰማያዊው መስመርስ?"

"የውሃ ሀብት ቀጠና። ዓሣ እናረባበታለን፤ ብቻውን አርባ ሰው ይቀጥራል።"

"ይሄ እኮ የኔ ቦይ ነው!"

"አየሽ! ሀብቱ ደጅሽ ድረስ መጥቶልሻል።"

በቃ፣ ልብስ ሰፊዋ ገነፈለች። "ቲቸር፣ ዓሣው ይቅርብኝ! አምስት መቶውም ይቅርብኝ! እኔ ያለችኝ አንድ ሠራተኛ ናት፣ እሷንም በዚህ ቦይ የተነሳ ላጣት ነው። ደንበኛ የሚሻገርበት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው!"

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የአክስቷ ልጅ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ነገሩን መስማቷ ያኔ ነው። ልብስ ሰፊዋ ምላሷን ነከሰች፤ ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል። ክቡር እጩ ካርታቸውን በዝግታ አጣጥፈው ወጡ።

በምርጫው ስልሳ ሁለት ድምፅ አገኙ። ያሸነፈው ሰው፣ የኢንቨስትመንት ፓርክ እገነባለሁ ብሎ በመኪና መስኮት እጁን እያወዛወዘ ያለፈው፣ ስለ ቦዩ ሲጠየቅ "ጥናት ላይ ነው" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ስትከፍት፣ ክቡር እጩና ባለቤታቸው ፎቷቸውና መፈክራቸው ያለበትን አንድ ትልቅ የቅስቀሳ ሰሌዳ እየጎተቱ ደረሱ። ለመጪዎቹ ምርጫዎችም እንዲያገለግል ተብሎ በወፍራም ሳንቃ የተሠራ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቦዩ ላይ አጋደሙት። ክቡር እጩ መሃሉ ላይ ቆመው ሦስቴ ዘለሉበት።

"ጊዜያዊ መሠረተ ልማት" አሉ እያለከለኩ።

"ቲቸር፣ ፎቶዎ እኮ ወደ ላይ ነው። እንገልብጠው?"

"ተይው። ወደ ታች ሆኜ ማን ያየኛል?"

ልብስ ሰፊዋ ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። የአክስቷ ልጅ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ሰሌዳውን ዳር ዳሩን ይዛ ተሻግራ ገባችና ቁልፏን መስፋት ቀጠለች።

ረፋዱ ላይ ከማዶ ሦስት እናቶች ብቅ አሉ። የመጀመሪያዋ እግሯን ስታነሳ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከሱቁ ዘላ ወጣች።

"በጽሑፉ በኩል እለፉ!" ብላ ጮኸች። "ፊታቸውን እንዳትረግጡብኝ!"