የእትዬ አስካለ ጦስኝ

የተማረ ሰው ገበያ ሲወጣ አፉን ቤቱ ትቶ ቢወጣ ምናለበት? ሐኪሙ የሻጩን ሳል ያዳምጣል፣ መሐንዲሱ የሱቁን ጣሪያ ይተቻል። እኔ ደግሞ የዕፅዋት ተመራማሪ ነኝ፤ የሰው ቅመም ውስጥ እገባለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

መርካቶ በርበሬ በረንዳ የሄድኩት ለሻይ የሚሆን ጦስኝ ልገዛ ነበር። እትዬ አስካለ እዚያ ቅመም ሲሸጡ ያረጁ የመንዝ ሴት ናቸው። መዝነው ሰጡኝ። እኔም እንደ ደንቡ “ይመርቁልኝ እንጂ” አልኩ፤ ከጎናቸው ካለች ትንሽ ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግነው ጨመሩልኝ። አሸተትኩት። ሽታው ሌላ ነው፣ አበባውም ነጣ ይላል። ገበያተኛ ከቦን ሳለ፣ ተማሪ በማስተምርበት ድምፄ፣ ይሄ ጦስኝ አይደለም፣ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል አልኩ። እሳቸው “የገደል ጦስኝ ነው ልጄ፣ ካገሬ ነው የሚመጣልኝ” ቢሉ ማን ሰምቷቸው? በርበሬው ሁሉ የሸክላ አፈር ተቀላቅሎበታል ተብሎ በሚጠረጠርበት ጊዜ “ተቀላቅሏል” የምትል ቃል ከእሳት አታንስም። ሦስት ሴቶች የሸመቱትን መልሰው ዘርግፈው ሄዱ። እኔም ሕዝብ እንዳዳነ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ።

ማስረጃዬን ላጠናክር ብዬ ያቺን እፍኝ ምራቂ አጉሊ መነጽር ሥር አደረግኋት። ቅጠሉ ላይ ያለው ጸጉር የጦስኝ አይደለም፤ አበባውን ያቀፈችው አረንጓዴ ቆብም ጥርሶቿ ረዘሙብኝ። ግን የማውቀው ሌላ ተክልም አልሆነልኝ። ቅጠሉን ለዲኤንኤ ምርመራ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። የጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ፣ በሳይንስ መዝገብ ያልሰፈረ አዲስ ዝርያ! ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። አዲስ ዝርያ ለማስመዝገብ ተክሉ ከነሥሩ፣ የበቀለበት ቦታም ከነስሙ ያስፈልጋል፤ ቦታውን የሚያውቁት ደግሞ በሰው ፊት ያዋረድኳቸው ሴት ናቸው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያለው ሰው የት አይቶኝ ይሆን?

ሄድኩ። ያቺ ጆንያ አፏ እንደታሰረ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቃት የለም። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የምርመራውን ወረቀትም ዘረጋሁላቸው። በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። “የተማረ ይግደለኝ ስል ነው የኖርኩት፤ እውነትም መጥቶ ይገድለኛል ብዬ ግን አልነበረም” አሉኝ። ቀጥለውም፣ የቦታውን ነገር ኋላ እናያለን፣ አስቀድሞ ሰው ፊት የተባለ ሰው ፊት ይነሳ ብለው ፈረዱብኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ቃሌን ከገደል መልቀም የእኔ ዕዳ ሆነ።

እናም ቀኑን ሙሉ ከእትዬ አስካለ ጎን ቆሜ፣ ጆንያ በተሸከመ ሁሉ “ዞር በል!” እየተባልኩ፣ የገደል ጦስኝ ንጹሕ መሆኑን ለወጪ ወራጁ ለፈፍኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ከሦስቱ ሴቶች አንዷ መጣች። አፍጥጣ አየችኝና፣ ባለፈው ተቀላቅሏል ብሎ የገዛነውን ያስመለሰን ይሄ ሰውዬ አይደል ወይ፣ ዛሬ እዚህ ምን ይሠራል ብላ እትዬ አስካለን ጠየቀቻቸው።

እሳቸው ከሚዛናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ “እሱ ምራቂ ነው፤ ከፈለግሽ ውሰጂው” አሏት።