ኃይለመስቀል የሞተር ወፍጮውን ከጎባ አፍ ነጥቆ ሮቤ ያስገባበት ዜና

በስመ ሥላሴ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ ብዕሬ ይድረቅ፣ ቀለሜም ውኃ ይሁን። ጨምሯል የሚለኝ ሰው ቢኖር የቀነስኩትን አላየም።

ወኮነ በ፲፱፻፶፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የሮቤ ሴቶች እህላቸውን አዝለው ለማስፈጨት ጎባ ድረስ መመላለስ በጀመሩ በሰባተኛው ዓመት፣ ይኸውም ዘመነ ሸክም በተባለው፤ ኃይለመስቀልም በማዘጋጃ ቤቱ ወንበር ላይ በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት፣ እርሱም ማኅተም ጠባቂ፣ የቀለም ጠርሙስ ጌታ፣ በጭቃ የማይሰምጥ፣ በውርጭ የማይንቀጠቀጥ፣ ዜናውንም የሚጽፈው ራሱ ነው፣ ሥራውን ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ አልተገኘምና፤ በዚያ ዓመት ከደሎ መና አንድ ነጋዴ ተነሣ። ስሙ ዘይነዲን፣ በቡናና በማር የከበረ፣ የሞተር ወፍጮ ገዝቶ በካሚዮን የጫነ፣ ጎባ ይትከለው ወይስ ሮቤ ገና ያልቆረጠ።

ጎባ አንድ ወፍጮ እያላት ሁለተኛውን ተመኘች። ሮቤ አንድም አልነበራት። ዳቦ ጋጋሪዋ ወይዘሮ ማሚቱ ወገቧ በሸክም ጎብጦ ነበርና፣ ይህ ወፍጮ ካመለጠ ምድጃዋን ነቅላ ጎባ እንደምትገባ በገበያ መካከል ተናገረች፤ ሮቤም ዳቦ አልባ ልትቀር ሆነ።

የጎባ ሰዎችም እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፤ «ዘይነዲን ሆይ፣ ወደ እኛ ና! ሮቤ ያለው ጭቃ ብቻ ነው፤ ጭቃ ደግሞ አይፈጭም!»

ይህ ቃል በጀግናው ጆሮ በገባ ጊዜ እንደ አንበሳ አገሣ፤ ሻዩንም ሳይጨርስ ተነሣ፤ ነጋሪት ቢያጣ የላምባ ቆርቆሮ አስመትቶ አዋጅ ነገረ፤ «የሮቤ ሕዝብ ሆይ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ባለወፍጮው የመጣ ዕለት ቤቱ የሚቀር አይኑር! የታመመም ቢሆን የሚያስፈጭ መስሎ ይቁም! እህል የሌለው ጆንያውን ገለባ ሞልቶ ይምጣ! ለባለወፍጮው መሬቱ በነጻ፣ ግብሩ ለሦስት ዓመት ምሕረት፣ የእኔም ወዳጅነት እስከ ዕለተ ሞት! ከእንግዲህ ጎባ ሄዶ የሚያስፈጭ ግን ማመልከቻው ከመሳቢያዬ አይወጣም!»

ከእርሱም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ ባዳሳ፣ የአህዮች አለቃ፣ ከነሠራዊቱ፤ በግራ ልብስ ሰፊው በየነ፣ መቀሱን ታጥቆ፤ በመካከል ቄስ ገብረ ሚካኤል፣ ከነጥላቸው፤ ከፊት የወይዘሮ ቀለሟ ውሻ፣ ማንም ሳይጠራው። የሠራዊቱም ቁጥር አርባ ሺህ ነበር፣ አህዮቹ ተጨምረው።

ካሚዮኑም በደረሰ ጊዜ፣ የጆንያውም ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ ጊዜ፣ ጀግናው ያስመጣው ሰንጋ በስመ አብ ተብሎ ታርዶ፣ ቄሱም ማዕዱን ባርከው፣ ዘይነዲን በክብር ወንበር ተቀመጠ። ጀግናው ስለ ወፍጮ ጥቅም ከአዳም ጀምሮ ተናገረ። እንግዳው ግን ከጀግናው ግርማ የተነሣ አንዲት ጉርሻ አልዋጠም፤ ጥብሱ መጣ፣ አመሰገነ፤ ቁርጡ መጣ፣ አመሰገነ፤ ዱለቱ መጣ፣ ዓይኑን ወደ ጎባ መንገድ መለሰ። ጀግናውም አክብሮት እንዳይጎድል የእንግዳውን ድርሻ ስለ እንግዳው በላ። ወእምዝ የሮቤን መጻኢ ዕድል ያሰላስል ዘንድ በወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

ዓይኑንም በገለጠ ጊዜ ድሉ ተፈጽሞ ነበር፤ ወፍጮው ከካሚዮን ወርዶ በሮቤ ምድር ቆሟል! ማሚቱም ምድጃዋን አልነቀለችም። ኦ ኃይለመስቀል፣ በምላሱ ብረት የሚስብ፣ በዝምታው ነጋዴ የሚማርክ፣ ወገብ አቅኚ፣ ጎባን ያለ ጥይት የፈታ! ሞተሩ ድግ ድግ ባለ ቁጥር የሚጠራው ስምህን ነው!

ይህ ዜና በወፍጮው ምርቃት ቀን በሕዝብ ፊት ተነብቦ እዚህ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ወይዘሮ ማሚቱ ከሴቶቹ መካከል ዱቄት ከእጇ እያራገፈች፣ ድምጿን ሳታነሣ እንዲህ አለች፤

«ጋሼ ኃይለመስቀል፣ ይቅርታዎን። ሰውዬው ቢስሚላሂ ያልተባለበት ሥጋ አይበላም እኮ። እርስዎ ሲናገሩ ሆዱ ሲጮኽ እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። በኋላ ተነሥቶ ካሚዮኑን ወደ ጎባ ሊያስነሣ ሲል፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሽቶ ናት ከደጇ ሆና ‹ኮቱ፣ ታኢ›፣ ና ተቀመጥ ብላ ያስቀመጠችው። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና እርጎ አቀረበችለት። ነፍሱ መለስ ሲልለት በሳምንት ስንት ኩንታል እንደምናስፈጭ ጠየቀን። ጆንያው ገለባ መሆኑን ነገርነው፤ የእውነቱንም ነገርነው፤ ይበቃኛል አለ። ቦታውንም ከአጥሯ ጥግ ቆርሳ የሰጠችው ሽቶ ናት።»

ከዚያም ጨመረች፤

«ልንቀሰቅስዎ አስበን ነበር፣ ጋሼ። ንግግሩን ካቆሙበት ይቀጥላሉ ብለን ፈራን።»